ሕዝቡ ዜሮ፣ ከንቲባው አንድ፦ የፈረንሳይዋ ፍለሪ መንደር

ቢኒ_ካርታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሌላው ማታ ማታ ኳስ ሲያይ እኔ የአገሮችን የሕዝብ ቆጠራ ሰንጠረዥ ነው የማገላብጠው። ሳቁብኝ፣ ለምጄዋለሁ።

የፈረንሳይን ሰንጠረዥ ያየ ሰው ሞዝ የምትባለው የሰሜን ምሥራቅ ግዛት ላይ ሲደርስ ዓይኑን ያሻል። ስድስት መንደሮች ከስማቸው ጎን 0 ተጽፎባቸዋል። ቦሞን፣ ቤዞንቮ፣ ኩሚዬር፣ ፍለሪ፣ ኦሞን፣ ሉቭሞን። የጽሑፍ ስህተት አይደለም። በእርግጥም አንድም ነዋሪ የላቸውም። ግን እያንዳንዳቸው ኮሙን ናቸው። ኮሙን የፈረንሳይ የመጨረሻዋ ትንሽ የአስተዳደር እርከን ናት፤ ፓሪስም ኮሙን ናት፣ አርባ ሰው ያላት የገጠር መንደርም ኮሙን ናት። ከንቲባ፣ ማኅተም፣ ወሰን፣ በጀት አላት።

አንዷን ላንሳ፣ ፍለሪን። ሙሉ ስሟ ፍለሪ-ደቫን-ዱኦሞን ነው። ከቬርደን ከተማ ወጣ ብላ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ኮረብታ ላይ የነበረች የገበሬ መንደር ናት። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1913 ነዋሪዎቿ 422 ነበሩ። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዳቦ ቤት፣ ቡና ቤት፣ አንጥረኛ ነበራት። በአጠገቧም አነስተኛ ባቡር ያልፍ ነበር፤ ጣቢያ ነበራት።

የካቲት 21 ቀን 1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ጀርመኖች ቬርደን ላይ የመድፍ ናዳ ለቀቁ። የፍለሪ ሰዎች በዚያው ሰሞን ውጡ ተባሉ። የያዙትን ይዘው ወጡ፣ የቀረውን ትተው። ይመለሳሉ ብለው ነበር። ሰኔ 23 ቀን ጀርመኖች መንደሯን ያዙ። ከዚያ ፈረንሳዮች መልሰው ያዟት፣ ጀርመኖች ነጠቋት፣ እንደገና ተመለሰች... እንደሚባለው 16 ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። ነሐሴ 18 ቀን ፈረንሳዮች ለመጨረሻ ጊዜ ሲይዟት ግን የሚያዝ ነገር አልነበረም። ግድግዳ የለም፣ መንገድ የለም፣ ዛፍ የለም።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት አካባቢውን ቀይ ቀጣና አለው። ማረስም መሥራትም ተከለከለ። እስከዚህ ድረስ የሚገባኝ ነው። የሚገርመኝ ቀጥሎ የተደረገው ነው። መንደሯን ከመዝገብ ከመሰረዝ ይልቅ በ1919 በወጣ ሕግ እንድትቀጥል አደረጓት። ወታደር ሲሞት እንደሚባለው «ለፈረንሳይ የሞተች» ተባለች፣ የጦር ሜዳ ኒሻንም ተሰጣት። ሦስት ሰዎች ያሉት ኮሚሽን ተቋቋመላት፤ ሰብሳቢው የከንቲባ ሥልጣን አለው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፣ አሁንም አለ።

ሰው የሌለበትን መንደር ለምን ያስተዳድራሉ? ሐሳባችሁን ወርውሩ።

ሚኪ_ዘፒያሳ፦

የምርጫ ቅስቀሳው እንዴት ደስ ይላል። ማንም አይቃወም፣ ማንም አይጠይቅ፣ ውኃ ጠፋ የሚል የለ። ማመልከቻ የት ነው የሚገባው? 😂

ቢኒ_ካርታ፦

ሚኪ፣ ምርጫ የለም እኮ። መራጭ ከሌለ ማን ይምረጥ? ሦስቱን ሰዎች የሚሾመው የግዛቱ ፕሬፌ ነው፣ የማዕከላዊው መንግሥት ወኪል ማለቴ ነው። በቀረው የፈረንሳይ ክፍል የከንቲባ ምርጫ በተደረገ ቁጥር እሱ እነዚህን ይሾማል። ብዙ ጊዜ የሚሾሙት የድሮ ነዋሪዎች ዘሮች ናቸው። አያታቸው ወይም ቅድመ አያታቸው ከዚያ የወጡ ሰዎች።

ሜሮን_ዘሎሬን፦

ቢኒ ጥሩ ርዕስ አነሳህ። እኔ የምኖረው ሜስ ከተማ አካባቢ ነው፣ ከቬርደን ሩቅ አይደለም። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ ወደዚያ እወስዳለሁ። አንዳንዱ «ለዚህ ነው ከፓሪስ ያመጣሽኝ?» ይላል፣ ከገባ በኋላ ግን ዝም ይላል።

ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ደን ነው። ከዚያ መሬቱን ስታዩት ደልዳላ የሚባል ቦታ የለውም። ጉድጓድ፣ ጉብታ፣ ጉድጓድ፣ ጉብታ። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ የመድፍ ጥይት የወደቀበት ነው። ሣርና ዛፍ ለብሶ አረንጓዴ ስለሆነ ልጆች መንከባለል ያምራቸዋል።

በመካከሉ ጠባብ የእግር መንገዶች አሉ፣ የድሮዎቹን የመንደሩን መንገዶች ተከትለው የወጡ። በመንገዱ ዳር ትንንሽ ምልክቶች ቆመዋል። አንዱ «ትምህርት ቤት» ይላል። አንዱ «ዳቦ ጋጋሪ»። አንዱ «አንጥረኛ»። አንዱ ደግሞ «ገበሬ» ይላል፣ እሱ ይበዛል። ዞር ብለህ ስታይ ጉድጓድ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በነበረበት ቦታ ትንሽ ጸሎት ቤት ተሠርቷል። በኋላ የአውሮፓ እመቤታችን ብለው ሰየሙት።

የባቡር ጣቢያው በነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ በ1967 የተከፈተው የቬርደን መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ስለዚህ በቀን ብዙ ሰው ፍለሪ ውስጥ ይሠራል፣ ቱሪስቱም ይጎርፋል። ማታ ሁሉም ይሄዳል። ቆጠራው የሚቆጥረው የሚኖረውን ነው፣ ዜሮው ከዚያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከመንገዱ አትውጡ። ያልፈነዳ አለ። ይኼ ወሬ አይደለም፣ የመንግሥት ፈንጂ አምካኞች እስከ ዛሬ እየለቀሙ ነው።

ትዕግሥት_አፈር፦

ሜሮን ያልሽው ትክክል ነው፣ እኔ ከሙያዬ በኩል ልጨምር። የአፈር ነገር ነው የምሠራው።

ሰው «ለምን መልሰው አልሠሩትም?» ይላል። ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ከተማ ድምጥማጧ ጠፍቶ ድንጋይ በድንጋይ ተመልሳ ተሠርታለች። በሶም ግንባርም ብዙ የፈረንሳይ መንደሮች ከፍርስራሽ ተነስተዋል። ስለዚህ ፍርስራሽ መሆን ብቻውን ምክንያት አይሆንም። እዚህ የጎዳው የቦታው ጥበትና የጊዜው ርዝመት ነው። ወደ 300 ቀን፣ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የመድፍ ጥይት። የላዩ ለም አፈር ተገልብጦ የታችኛው ነጭ ኖራ ድንጋይ ወጣ። በላዩ ላይ ብረቱ፣ እርሳሱ፣ መዳቡ፣ ያልፈነዳው ቅምቡላ፣ አስከሬኑ።

ጋዙም አለ። ሰኔ 22 ማታ፣ ፍለሪ ከመያዟ አንድ ቀን በፊት፣ ጀርመኖች ዳይፎስጂን የሚባል መርዝ ጋዝ የተሞሉ ከ100,000 በላይ የመድፍ ጥይቶች ነው የተኮሱት።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የተረፈውን የኬሚካል የመድፍ ጥይት ማጥፋት ነበረባቸው። ስፓንኩር በምትባል መንደር አቅራቢያ ጫካ ውስጥ በ1928 ወደ 200,000 ያህሉን አቃጠሉ። ቦታውን የጋዝ አደባባይ ይሉታል። በኋላ አፈሩን የመረመሩ ኬሚስቶች የአርሴኒኩን መጠን ሲያዩ ደነገጡ። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከመካከሉ እስካሁን ከጥቂት የድንጋይ ሽበትና ሣር በቀር የሚበቅል የለም።

እና መንግሥት ምን አደረገ? መሬቱን ከባለቤቶቹ ገዛና ዛፍ ተከለበት፣ አብዛኛው ጥቁር የኦስትሪያ ጥድ። ዛሬ የቬርደን የመንግሥት ደን ወደ 10,000 ሄክታር ነው። ገበሬው ካሳ አገኘ፣ ርስቱ ግን ሄደ። ብዙዎቹ ተመልሰው ለማረስ ፈልገው ነበር። ይህ ቢረሳ ጥሩ አይደለም፤ በፍቃዳቸው የወጡ ይመስላል አለበለዚያ።

ዳግም_ኤ፦

ለታሪኩ ክብር አለኝ። ግን በግልጽ ልናገር። ይኼ የቢሮክራሲ ቅንጦት ነው። ሐውልት ይቁም፣ ሙዚየም ይኑር፣ እስማማለሁ። ከንቲባ ምን ያደርጋል? ከጎረቤት መንደር ጋር ቢዋሐድ ምን ይጎድላል? ፈረንሳይ ወደ 35,000 ኮሙን አላት። ከአውሮፓ ማንም የሚያህላት የለም። ራሳቸው ፈረንሳዮች በዝቶብናል፣ እንቀንስ እያሉ ነው። ታዲያ ከዜሮው ለምን አይጀምሩም?

ሚኪ_ዘፒያሳ፦

ዳግም ከባድ ጥያቄ ነው። እኔም ማመልከቻዬን አነሳሁ።

ቢኒ_ካርታ፦

ዳግም፣ የሚዋሐዱም አሉ። በ2019 መጀመሪያ ዱኦሞን እና ቮ ተዋሕደው ዱኦሞን-ቮ ተብለዋል። ግን ልዩነት አለ። በቬርደን ዙሪያ የጠፉት መንደሮች ዘጠኝ ነበሩ። ከነሱ ሦስቱ፣ ዱኦሞን፣ ቮ እና ኦርን፣ በከፊል ተመልሰው ጥቂት ሰው ገብቶባቸዋል። ኦርን ከጦርነቱ በፊት ከዘጠኙ ትልቋ ነበረች፤ ዛሬ በጣት የሚቆጠር ሰው ነው ያላት። እነዚህ ነዋሪ ስላላቸው እንደማንኛውም ኮሙን ምክር ቤት መርጠው በራሳቸው ውሳኔ መዋሐድ ይችላሉ። ስድስቱ ግን «እንዋሐድ» ብሎ የሚወስን ሕዝብ የላቸውም።

ሥራው ምንድን ነው ላልከው፦ ጸሎት ቤቱን መጠበቅ፣ የሙታን ሐውልቱን መንከባከብ፣ መንገዶቹን መጥረግ፣ በየዓመቱ የመታሰቢያ ቀን ማዘጋጀት። ዘሮቹ ከየአገሩ ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢው ባለ ሦስት ቀለሙን የከንቲባ መቀነት ያደርጋል። በጀቱም ያን ያህል አይደለም።

ዳግም_ኤ፦

መንገድ መጥረግ ከንቲባ አይፈልግም። ማኅበር ይበቃዋል።

ጋሽ_አጥናፉ፦

ልጆቼ፣ ደህና ዋላችሁ። ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ዳር ሆኜ አነብ ነበር። ዳግም ጥያቄህ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ያለው እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ ነው፣ ከቬርደን ወደ ምዕራብ፣ ማርን ግዛት።

በዚያም በዚሁ ጦርነት የጠፉ መንደሮች አሉ። ታዩር፣ ዩርሉ፣ ሪፖን፣ ፔርት፣ ለ ሜኒል። በ1915 በሻምፓኝ ውጊያ ነው የወደሙት። ቦታቸው የጦር ካምፕ ሆነ። እነዚህን በ1950 ከጎረቤት ጋር አዋሐዷቸው። ሶምፒ የነበረችው ሶምፒ-ታዩር ተባለች። ሩቭሯ የነበረችው ሩቭሯ-ሪፖን ሆነች። ማለት የሞተችው መንደር በሕይወት ባለችው ስም ላይ በጭረት ተቀጥላ ቀረች።

እስኪ በሐቅ ንገሩኝ። ስለ ታዩር ወይም ስለ ሪፖን የሰማ ስንት ሰው አለ? ስለ ፍለሪ ግን ይኸው በአማርኛ እየተከራከርን ነው። ያው ጦርነት፣ ያው ውድመት ነው። የታዩር ቦታ የጦር ካምፕ ስለሆነ ማንም እንደልቡ አይገባም፣ ያ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን የራሷ ሰብሳቢ፣ የራሷ መዝገብ፣ የራሷ ወሰን አለመኖሩ ነው። ማኅበር ሰው ሲያረጅበት ይፈርሳል። ፕሬፌው ግን የመሾም ግዴታ ስላለበት ይሾማል።

ዳግም_ኤ፦

ጋሼ ይኼ ጥሩ ነጥብ ነው። የማርኑን አላውቀውም ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተሸነፍኩም፤ ቬርደን ራሷ ዝነኛ ስለሆነች ነው ፍለሪ የምትታወቀው ብዬ እከራከራለሁ።

ጋሽ_አጥናፉ፦

ተከራከር፣ መብትህ ነው። ኩሚዬርንና ኦሞንንስ ማን ያውቃል? ቬርደን ናቸው እነሱም። ስለዚህ ግማሽ ነጥብ ላንተ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ላምጣችሁ። ፍለሪን ነሐሴ 18 ቀን መልሶ የያዘው ክፍለ ጦር የሞሮኮ ቅኝ ግዛት እግረኛ ሬጅመንት ይባላል። ይኸው ሬጅመንት ጥቅምት 24 ቀን 1916 የዱኦሞንን ምሽግ ከጀርመኖች ነጠቀ። ምሽጉ ከፍለሪ ቀጥሎ ያለው ከፍታ ላይ ነው፣ መንደሯም «ከዱኦሞን ፊት ያለችው» የተባለችው በዚያ ነው። ሬጅመንቱ ያን ቀን ብቻውን አልነበረም። የሴኔጋል ባታሊዮን አብሮት ነበር፣ ሁለት የሶማሌ ሻምበሎችም ነበሩ። ሬጅመንቱ ለዚያ ቀን በተሰጠው የክብር ምስክር ወረቀት ላይ በስም ተጠቅሰዋል።

ሶማሌ የተባሉት ከጅቡቲ፣ ያኔ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ከሚባለው የተመለመሉ ናቸው። በመርከብ ማዳጋስካር ተወስደው ባታሊዮናቸው እዚያ ተደራጀ፣ በሰኔ ፈረንሳይ ገቡ። መጀመሪያ የታሰቡት ከግንባር ጀርባ ለጉልበት ሥራ ነበር። በጥቅምት ዱኦሞን ላይ ተገኙ።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱት ጥቅምት 14 ቀን 1909 ነው። ሰገሌ መቼ ነበር? ጥቅምት 17 ቀን 1909። ሦስት ቀን ልዩነት። እዚህ ንጉሥ ሚካኤልና የሸዋ ጦር ሊገጥሙ እየተጠጋጉ ነው፣ እዚያ የጅቡቲ ልጆች ጭቃ ውስጥ ምሽግ እየወጡ ነው። ነገሩ የተለያየ አይምሰላችሁ። ልጅ ኢያሱ ከመውረዱ በፊት አዲስ አበባ ያሉት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ከነጀርመንና ከቱርክ ጋር ወግኗል ብለው የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የአንድ ጦርነት ሁለት ጫፍ ነው። ክፍል ውስጥ ሰገሌን ሳስተምር ተማሪው የቤተ መንግሥት ጠብ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ቬርደንን ከጎኑ ሳስቀምጥለት ነው የሚነቃው።

ሰሚራ_ዲ፦

ጋሼ እድሜ ይስጥልን። እናቴ ድሬዳዋ፣ አባቴ ጅቡቲ ነው የተወለዱት። ይኼን ቤታችን ውስጥ በጨረፍታ ነው የሰማሁት፣ «ፈረንሳይ ዘምተው የቀሩ» ይባላል እንጂ የት እንደሆነ ማንም አይናገርም። እነዚህ ሰዎች መቃብር አላቸው?

ሜሮን_ዘሎሬን፦

ሰሚራ፣ ከፍለሪ ትንሽ ወጣ ብሎ የዱኦሞን የአፅም ቤት አለ። በ1932 ነው የተመረቀው። ረጅም ሕንፃ ነው፣ በመካከሉ ግንብ ቆሟል። ከታች በትንንሽ መስኮቶች ጎንበስ ብለሽ ስታዪ አጥንት ነው። ማንነታቸው ያልታወቀ የ130,000 ሰዎች አፅም፣ ፈረንሳዩም ጀርመኑም ተደባልቆ። ፊት ለፊቱ ወደ 16,000 የሚሆን ነጭ መስቀል ተደርድሯል። ከነዚያ ለየት ብለው ደግሞ የሙስሊም ወታደሮች መቃብር አለ፣ ወደ 600 ይጠጋል፣ ድንጋዮቹ ወደ መካ ዞረው ነው የቆሙት። በ2006 ለሙስሊሞቹ የራሳቸው መታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቶላቸው ፕሬዚዳንት ሺራክ መጥተው መርቀውታል። ነጭ ነው፣ ቅስቶች ያሉት። አብዛኛው ሰው አልፎት ይሄዳል፣ አንቺ ግን እንዳታልፊው።

ያልተገኙም አሉ እኮ። በ2013 ፍለሪ ውስጥ፣ እዚያው የእግር መንገድ ያለበት ቦታ፣ የ26 የፈረንሳይ ወታደሮች አፅም ወጥቷል። አንገታቸው ወይም እጃቸው ላይ በነበረው ስም የተጻፈበት የብረት መለያ የተወሰኑት ታውቀዋል።

ዮናስ_ዘኬሚሴ፦

ታሪኩን ትቼ ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ቢኒ 422 ነበሩ አልክ። ጦርነቱ ባይመጣስ? ዛሬ ስንት ይሆኑ ነበር? የአውሮፓ ገጠር እኮ ያለ ጦርነትም ባዶ እየሆነ ነው።

ቢኒ_ካርታ፦

ዮናስ የኔ ሰው! ይኼን የሚጠይቅ ስጠብቅ ነበር።

የሞዝ ግዛት በ1851 ከ328,000 በላይ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ በኋላ ያን ቁጥር አይታው አታውቅም። ዛሬ ወደ 180,000 አካባቢ ናት። ማሽቆልቆሉ የጀመረው ከጦርነቱ ስድሳ ዓመት አስቀድሞ ነው። ባቡር መጣ፣ ፋብሪካ ተከፈተ፣ የገበሬ ልጅ ወደ ናንሲና ወደ ፓሪስ ሄደ። የወለደውም ጥቂት ነበር፤ ፈረንሳዮች ከሌላው አውሮፓ ቀድመው ነው ልጅ መቀነስ የጀመሩት። ስለዚህ ፍለሪ ብትተርፍ ዛሬ 422 ሰው ይኖርባት ነበር ብሎ የሚወራረድ ይሸነፋል። ምናልባት መቶ፣ ምናልባትም ከዚያ በታች። የቬርደን ቅርበት ግን ይረዳት ነበር፤ ከተማ እየሠሩ ገጠር የሚያድሩ ሰዎች ቤት ይሠሩባት ነበር።

ደግሞ ትንሽ መሆን በፈረንሳይ ብርቅ አይደለም። ከኮሙኖቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ሰው በታች ናቸው። ድሮም ዘንድሮም የፍለሪ ዓይነት መንደር ነው አገሩን የሞላው። በደቡብ ምሥራቅ፣ ድሮም በሚባል ግዛት፣ ሮሽፉርሻ የምትባል ኮሙን አለች። ለብዙ ዓመታት በቆጠራው የተመዘገበባት ነዋሪ 1 ነው። አንድ ሰው! ግን ከንቲባዋ የተመረጠ ነው። ሕጉ እዚያ ባትኖርም የአካባቢ ግብር የምትከፍል ከሆነ እንድትመዘገብና እንድትመረጥ ይፈቅዳል። የበጋ ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚያስተዳድሯት።

እና ለእኔ በዜሮና በአንድ መካከል ያለው ርቀት ከአንድና ከ422 ይሰፋል። ሮሽፉርሻ ቤት አላት፣ በር አላት፣ ነገ ሰው ሊገባባት ይችላል። ፍለሪ ላይ ቤት መሥራት አይቻልም።

ዮናስ_ዘኬሚሴ፦

ጥሩ። ስለዚህ ጦርነቱ ያደረገው ሕዝቧን መቀነስ ብቻ አይደለም፣ መመለሻዋን ነው የዘጋው። ሌላው መንደር ቢራቆትም ሰው ሊመለስበት ይችላል። ለነገሩ በሰላም ጊዜም እንዲህ የተደረገ አለ አይደል?

ጋሽ_አጥናፉ፦

አለ። በደቡብ ቫር ግዛት ብሮቬስ የምትባል መንደር። ካንዡዌር የሚባለውን የጦር ማሰልጠኛ ለማስፋት በ1974 ነዋሪዎቹን አስወጧቸው። ኮሙኗም ከሴያን ጋር ተደባለቀች። ቤተ ክርስቲያኑና ቤቶቹ ዛሬም ከመንገድ ይታያሉ፣ ማንም አይገባም። እሷ ግን «ለፈረንሳይ የሞተች» አልተባለችም፣ ኒሻንም አላገኘችም። በጠላት መድፍ የጠፋችው ከንቲባ ይሾምላታል፣ በራሷ መንግሥት ውሳኔ የጠፋችው ስሟ እንኳ ከኮሙን ዝርዝር ወጣ። ዳግም፣ ለክርክርህ ይኼን ብትይዘው ይሻልሃል።

ዳግም_ኤ፦

😄 ጋሼ ለኔም ይከራከሩልኛል ማለት ነው። ልክ ነዎት፣ ይኼኛው ነው የሚያመኝ። ክብሩ የሚሰጠው የሚያኮራ ሞት ለሞተ ብቻ ከሆነ አስተዳደር መሆኑ ቀርቶ ፖለቲካ ሆነ።

ትዕግሥት_አፈር፦

ፖለቲካ ነውማ፣ ማን ካደ? የዚያን ጊዜ ሰው 422 ሰዎችን መልሱ ቢል የሚመልስለት የለም። ስማቸውን መዝገብ ላይ ማቆየት ነበር የሚቻለው። በዚያ ላይ ኮሙኗም ራሷ የወደመ ንብረት ነበራት፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ጽሕፈት ቤት። በ1919 የወጣው የጦር ጉዳት ሕግ ካሳ ይፈቅዳል፤ ካሳውን ለመጠየቅ ደግሞ ጠያቂ አካል መኖር አለበት። የሞተ ሰው ወራሽ እንደሚያስፈልገው ማለት ነው። ስሜቱ ብቻ አይደለም ያቆያት፣ ወረቀቱም ነው።

ሚኪ_ዘፒያሳ፦

እኔ እንደ ቀልድ ገብቼ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሜሮን፣ ሰው ከፓሪስ እንዴት ይሄዳል?

ሜሮን_ዘሎሬን፦

ሚኪ፣ በፈጣኑ ባቡር ሞዝ የምትባል ጣቢያ መውረድ ትችላለህ፣ ከፓሪስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ጣቢያዋ ሜዳ መሐል ናት፣ ከዚያ ወደ ቬርደን አውቶቡስ መያዝ አለብህ፣ ሰዓቱን አስቀድመህ አረጋግጥ። ከቬርደን ወደ ፍለሪ መኪና ካለህ ቅርብ ነው። ከቻልክ ሙዚየሙን ብቻ አይተህ አትመለስ፣ ኦርን ድረስ ንዳ። እዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ ቆሟል። ፍለሪ ላይ የቆመ ስለሌለ ሐሳቡ ይከብዳል፣ ኦርን ላይ ግን ድንጋዩን ታያለህ። ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ ነጭ ጫማህን ተው።

ሰሚራ_ዲ፦

አንድ ጥያቄ ብቻ። የጅቡቲዎቹን ስም መፈለግ ይቻላል? ወይስ ሁሉም ማንነታቸው ካልታወቁት ጋር ነው?

ጋሽ_አጥናፉ፦

ሰሚራ ልጄ፣ ይቻላል። የፈረንሳይ መከላከያ ሚኒስቴር «የሰዎች መታሰቢያ» የሚል ድረ ገጽ አለው። በዚያ ጦርነት ለፈረንሳይ ሞቱ የተባሉት የእያንዳንዳቸው ካርድ ፎቶ ተነስቶ ተቀምጧል፣ ክፍያ የለውም። የተወለደበት ቦታ፣ ክፍለ ጦሩ፣ የሞተበት ቀንና ቦታ ይጻፋል። ስሙን ጸሐፊው እንደሰማው ነው የጻፈው፣ ስለዚህ አንዱን ስም በብዙ ዓይነት አጻጻፍ ሞክሪ። የአያትና የአባት ስምም ተገለባብጦ ሊገኝ ይችላል። ስሙ እምቢ ካለሽ በትውልድ ቦታ ወይም በባታሊዮኑ በኩል ግቢ። የቤተሰቡን ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ የድሮ ፈረንሳይኛ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ ስለለመድኩ አብረን እናያለን።

ሰሚራ_ዲ፦

ላኩልዎት ጋሼ። ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ነው ቤት ውስጥ ያለው፣ አባቴን ጠይቄ አራተኛ ካለ እጨምራለሁ።